ማማ ወደ ግመሎቻቸው የተመለሱበት ጊዜ

ወረርሽኙ ሲመጣ አል ዓይን ከተማ፣ ፈላጅ ሃዛ ሰፈር ውስጥ አንዲት አሮጊት አስታምም ነበር። ማማ እላቸዋለሁ፤ ባላቸውን ደግሞ ባባ። ማማን ስትሮክ መቷቸው ቀኝ ጎናቸው ደክሟል፣ ንግግራቸውም ተሰብሯል። ከእኔ በፊት የነበሩት አስታማሚዎች ብዙም አልቆዩላቸውም። ማማ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ዝም ይላሉ። ምግብ ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። እንቅስቃሴ ላሠራቸው ስል እጃቸውን ይሰጡኛል እንጂ ልባቸው አብሮኝ አይደለም።

ባባ ከብት አርቢ ናቸው። ልጆቻቸው አቡ ዳቢ፣ አል ናህያን ውስጥ ቪላ ሠርተው የቢሮ ሰዎች ሲሆኑ፣ እሳቸው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ አሸዋው ውስጥ ያለውን ዕዝባ፣ የግመልና የፍየል በረታቸውን ማለት ነው፣ አልለቅም አሉ። በየማለዳው በአሮጌ ፒካፓቸው ይሄዱና ቀትር ላይ ይመለሳሉ። እንደገቡ በቀጥታ ማማ ክፍል ነው። የትኛዋ ግመል ልትወልድ እንደተቃረበች፣ የትኛዋ አጥር ጥሳ እንዳስቸገረች ይነግሯቸዋል። ማማ አይመልሱም፤ በዚያ ሰዓት ግን ፊታቸው ወደ ግድግዳ አይዞርም።

እኔም የከብት አርቢ ልጅ ነኝ። አባቴ መተሐራ ዳር ላሞችና ጥቂት ግመሎች አሉት። ነርስነት የተማርኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከእበት ለመራቅ ነው። አባቴም ይህን ስለሚያውቅ ይስቅብኛል።

ከዚያ ሁሉም ነገር ተዘጋ። ልጆቹ ከአቡ ዳቢ መምጣት አልቻሉም። በየቀኑ እየደወሉ አባታቸውን ከቤት እንዳይወጡ ይለምኑ ነበር፤ ባባ ስኳር አለባቸው። እሳቸውም እሺ ብለው ጥቂት ቀን ተቀመጡ። በዚህ መሐል ግመሎቹን የሚጠብቀው ሱዳናዊ ታመመና አምቡላንስ መጥቶ ወደ ለይቶ ማቆያ ወሰደው። የጎረቤት ዕዝባ ሠራተኛ ለጊዜው ውሃ አጠጣ፤ እሱም የራሱ ሥራ ነበረበት። ባባ ያን ቀን ልብሳቸውን መሸከፍ ጀመሩ። አላህ አደራ የሰጠኝን ከብት በጥም አልገድልም፣ ሄጄ እዚያው እከርማለሁ አሉ። ልጆቹ በስልኩ መስታወት ላይ ተደርድረው አንዱ ሲለምን አንዱ ሲቆጣ፣ ማማ ደህናውን ግራ እጃቸውን አነሡ። ወደ ራሳቸው ጠቆሙ፤ ቀጥሎ ወደ በሩ።

ትልቁ ልጅ የማይሆን ነው አለ። በመጨረሻ እኔን ጠየቁኝ። በረሃው ላይ ሰው ስለማይደርስባቸው ከከተማው ቤት ይልቅ እዚያ ይሻላቸዋል ብዬ እንደማስብ፣ አብሬያቸውም እንደምሄድ ነገርኳቸው። ከተናገርኩ በኋላ ፈራሁ፤ ቃሌን ግን አላጠፍኩም።

ዕዝባው ኤሲ ያላቸው ሁለት ክፍሎች ነበሩት። የሚያስቸግረው አሸዋው ነው፤ የማማን ተሽከርካሪ ወንበር ይውጠዋል። ባባ አሮጌ ምንጣፎች አምጥተው ከክፍሉ ደጃፍ ጀምሮ አነጠፉ። ያለፍንበትን ከኋላ እያነሡ ከፊት ሲያነጥፉልን፣ እኔም ስገፋ፣ እንደምንም በረቱ አጥር ደረስን። ማማ ግመሎቹን ሲያዩ አለቀሱ። ከመጣሁ ወዲህ ሲያለቅሱ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አንድ ማለዳ የመጀመሪያ ወሊዷ የሆነ አንዲት ግመል ወለደች። ግልገሉን አልቀበል አለች። ሊጠባ በተጠጋ ቁጥር ትራገጣለች። ባባ እግሯን ሊያስሩ ሞክረው ትንፋሽ አጠራቸው። የእንስሳት ሐኪሙ ተደውሎለት ከነገ በፊት አልደርስም አለ። ግልገሉ ደግሞ እርጥብ እንደሆነ ጉልበቴ ላይ ተደግፎ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን የመጀመሪያ ወተት ካላገኘ እንደማይሰነብት የአባቴ ቤት አስተምሮኛል። እንግዲህ ምን እናድርግ ስንል ማማ የወንበሩን እጀታ መታ መታ አደረጉ።

“ምልሕ” አሉ።

ባባ ወደ እሳቸው ዞሩ። “ምን አልሽ?”

“ምልሕ።”

ጨው ማለታቸው ነው። ሮጬ ከማድቤቱ አመጣሁ። ግልገሉን አስጠጉልኝ ብለው በምልክት አዘዙና በግራ እጃቸው ጨው ዘግነው እርጥብ ጀርባው ላይ ነሰነሱ። ሲያሹት ቀኝ እጃቸውም ከጭናቸው ተነሣ፤ ስንት ጊዜ ለምኜው እምቢ ያለኝ እጅ ነው። ከዚያ በአፍንጫቸው የሚወጣ ቀስ ያለ እንጉርጉሮ ጀመሩ። ግመሊቱ ጆሮዋን አቆመች። አንገቷን ሰድዳ አሸተተች፣ ላስ አደረገች፣ ሸሸች፣ ተመለሰች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሙሉ ጀርባውን መላስ ያዘች፤ ግልገሉም እየተንገዳገደ ጡቷን አገኘ።

ባባ አሸዋው ላይ ተቀምጠው በመጠምጠሚያቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ።

“ግመሎቹ የአባቷ ነበሩ” አሉኝ። “ሳገባት እኔ ማለብ እንኳ አላውቅም። ያስተማረችኝ እሷ ናት።”

ይህን እስከዚያ ቀን ማንም አልነገረኝም ነበር። ለካ የቤቱ ከብት አርቢ ማማ ኖረዋል።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ቀለለ። ጨብጠው እንዲለቁ የምሰጣቸውን የጎማ ኳስ ተውኩና የግልገሉን ጠጉር መቦረሽ የየዕለቱ እንቅስቃሴያቸው ሆነ። አጥሩን ይዘው መቆም ተለማመዱ። ቃላትም አንድ አንድ እያሉ መጡ፤ ሁሉም ስለ ከብት ናቸው። ቴምርና ወተት ሲቀርብላቸው ይጨርሳሉ።

አባቴ ለደኅንነቴ ሰግቶ ሲደውል ስልኩን ወደ በረቱ አዞርኩለት። አየና፣ “ልጄ፣ ከእበት ሸሽተሽ የት ደረስሽ?” አለኝ። ሳቅኩ። ማማ ማን እንደሆነ ጠየቁኝና አባቴ መሆኑን፣ ላሞችም እንዳሉት ነገርኳቸው። በተሰባበረ ቃል ላሞቹ ይታለባሉ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ አሉ። አባቴም ዝናቡ ጥሩ እንደነበረ፣ ተመስገን እንደሚታለቡ መለሰ። ከዚያ ወዲያ በደወለ ቁጥር ለእኔ የሚተርፈኝ ማስተርጎም ብቻ ሆነ።

ሱዳናዊው ድኖ ተመለሰ፤ ባባ ፍየል አረዱለት። መንገዱ ሲከፈት ልጆቹ ተመርምረው፣ ጭንብል አድርገው መጡና ራቅ ብለው ቆሙ። ማማ አጥሩን ይዘው ከወንበራቸው ተነሡ። ትልቁ ልጅ ሊሮጥ ብሎ ራሱን ገታ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እናቱን እያየ ቆመ። ቆይቶ ሙቀቱ ሳይበረታ ወደ ቤት እንመልሳቸው አለ።

“ኸላስ” አሉ ማማ፤ በቃ ማለታቸው ነው። “እዚህ ነኝ።”

ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ሙቀቱ ሲከፋ ፈላጅ ሃዛ፣ ሲበርድ ዕዝባው እንዲሆን ተስማሙ። በቀጣዩ ዓመት ብርዱ ሲመጣ ብርድ ልብሶቻችንን ፒካፑ ላይ ጭነን ስንወጣ ማማ ከፊት ወንበር ተቀምጠው መንገዱን ለባባ ያሳዩ ነበር።

አሁን ዐርብ ዐርብ የልጅ ልጆቻቸው ከአቡ ዳቢ ይመጣሉ። በእንግሊዝኛ እየተንጫጩ ግልገሎቹን ያባርራሉ፤ ማማ በዐረብኛ ይቆጧቸዋል። ባለፈው ትንሿ ልጅ ካላለብኩ ብላ አስቸገረች። ማማ አጠገባቸው አስቀመጧትና፣ “በመጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ” አሏት።