ቴፒ ላይ ያቃናኋት ጎጆ

ማለዳ፣ ሚዛን ተፈሪ

ገና ጎህ ሳይቀድ ቡና የሚያመላልስ ፒካፕ ኋላ ላይ ተሰቅለናል፤ እኔና ዳዊት። ዳዊት ሰባተኛ ክፍል አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው። የሰው ልብ ሳል ሲባል ድንች ይስል ነበር፤ ልቡን የሳልኩለት እኔ ነኝ። ዛሬ እሱ አዲስ አበባ የሕንጻ ንድፍ ይማራል። እኔ አስረኛን አቋርጬ የቀበሌ ግድግዳ ላይ መፈክርና የመሪ ምስል እስላለሁ። አንጀቴ አሯል፣ ምን ልደብቅ!

የምንሄደው ቴፒ ነው። የዳዊት መምህር እዚያ ተማሪዎች ይዞ የአገሩን ቤት በእጅ ብቻ፣ ያለማስመሪያ ያስስላል፤ ዳዊት ሚዛን ቤታቸው እያደረ ይመላለሳል። አዲስ አበባ ላለው የስዕል ክፍሉ ረዳት ይፈልጋል አሉ፤ ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር። እኔ ካልሆንኩ ማን ሊሆን ነው?

"ማስመሪያ እንዳትይዝ" አለኝ ዳዊት።

"እኔን ነው የምትመክረኝ? አንተ ድንች!"

ረፋድ፣ መንገድ ላይ

ዛፍ የዋጠው መንገድ። ከዛፉ ስር ቡና፣ ከቡናው ስር ቀይ ጭቃ። ኬላው ላይ ጠባቂው የዳዊትን መታወቂያ አየና "ተማሪ ነህ? እለፍ ወንድሜ" አለ። የኔን ይለፍ ወረቀት ገለበጠው፣ ደግሞ ገለበጠው።

"አንተስ ምንድነህ?"

"ሰዓሊ።"

"የምን ሰዓሊ?"

ዳዊት ሳቀ። ኋላ ሙዝ ገዝቶ ግማሹን ሰጠኝ። ሙዙን በላሁ፤ ሳቁን ግን አልዋጥኩለትም።

ቀትር፣ ቴፒ

ሙቀቱ ሸሚዝ ከጀርባ ያጣብቃል። መምህሩ ቀጭን፣ ባለባርኔጣ ሰው ነው። አንዲት ጎጆ ፊት አስቀመጠንና "ያያችሁትን ሳሉ" አለ። በቃ።

የኔ አሠራር የታወቀ ነው። ፎቶው ላይ ካሬ ካሬ አሰምራለሁ፣ ግድግዳው ላይም እንደዚያው፣ ከዚያ ካሬ በካሬ መገልበጥ ነው። ጎጆ ላይ ካሬ አይሰመር ነገር! ከቀርከሃው አጥር ጀርባ ዞሬ፣ የአጥሩን ቀዳዳ እንደ ካሬ ይዤ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ እያየሁ ገለበጥኳት። ጨርሼ ስነሳ ዳዊት ገና ጣሪያውን ይስላል፤ መስመሩ ይንቀጠቀጣል።

መምህሩ የኔን አነሳ። "ጎጆዋ ወደ ግራ አልዘመመችም እንዴ?"

"አዎ ጓድ መምህር፣ አቃናኋታ!"

"ማን አቃናት አለህ?"

ማንስ ሊለኝ! ቀበሌ ውስጥ የሚሳል ገበሬ ጉንጩ ሙሉ፣ ቤቱ ቀጥ ያለ ነው። የዘመመ ብስል ሊቀመንበሩ እኔን ያዘምመኛል።

"ዝማሜዋን ካላየህ እንዴት እንደቆመች አታውቅም" አለኝ። የዳዊት ስዕል ላይ ግድግዳውን የደገፈው ባላ አለ። የኔ ላይ የለም። ቀጥ ላለች ቤት ባላ ምን ያደርግላታል?

የጎጆዋ ባለቤት ሴትዮ መጥተው ሁለቱንም አዩ። "የዚህ ልጅ ይሻላል። ያኛው ድሃ አስመሰለኝ!" አሉና የኔን ይዘው ገቡ። መምህሩ በሳቅ ፈነዳ። ሥራውን ግን አልሰጠኝም።

"እስከ ቅዳሜ እዚሁ ነኝ። በዓይንህ አይተህ የሳልከው ካለ አምጣ።"

አመሻሽ፣ ወደ ሚዛን

ያው ፒካፕ። ዳዊት ባዶ ጆንያ ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፣ ለሃጩ አገጩ ላይ። እንዴት እንደጠላሁት! በዚያው ንዴት እርሳስ አነሳሁ። መኪናው ሲዘል መስመሬም ይዘላል። ካሬ የለ፣ አጥር የለ። የተወላገደ ጥርሱን እንደተወላገደ፣ ለሃጩን እንደተዝረከረከ። ለሱ ብዬ ላቃና? ምን በወጣኝ!

ነቃና ወረቀቱን አየ። "ይሄ እኔ ነኝ?"

"አንተ ነህ።"

አገጩን በእጅጌው ጠረገ። "ስጠኝ፣ ለመምህሩ እኔ ላድርስልህ።"

"አንተ? መጀመሪያ ለሃጩን ከስዕሉ ላይ ታጠፋዋለህ!"

የመኪናውን ጣሪያ ደበደብኩ። ሹፌሩ አንገቱን አወጣ። "ምን ሆንክ? ሚዛን ገና ነው!"

"አውርደኝ ጋሼ።"

"እዚህ ጫካ ውስጥ? ጅብ ሊበላህ ነው እንዴ?"

ወረድኩ። ዳዊት ከላይ "አንተ እብድ!" እያለ ሄደ። ይጩህ። ስዕሉን ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ። ከታች፣ ከመታጠፊያው፣ ወደ ቴፒ የሚሄድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ይመጣል።