የአምባ ጊዮርጊሱ ረቡዕ

ትናንት የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ለስኳር ምርመራ ነገ ጾመው ይምጡ» አለችኝ። ይህ ቃል መቀመጫ መቆሚያ ያሳጣኛል። ዛሬ ጠዋት ከቁስቋም ስወርድ ሁለት ጊዜ ወደ ቤት ተመለስኩ፤ አንዴ መነጽሬን፣ አንዴ ተምሬን ረስቼ። ለጾም ምርመራ ተምር ምን ያደርጋል ቢባል፣ ነገሩ የቆየ ነው።

ወጣት ሳለሁ ጎንደር ውስጥ አንድ የበጎ አድራጎት ክበብ ነበረን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ ይዘን ስለ ኳስ እንከራከራለን፣ ቶምቦላ እናወጣለን፣ በዓል ሲደርስ ግብዣ እናዘጋጃለን። ሥጋው ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ ይሠራል፤ ሰላጣው ላይ ግን እንሻማ ነበር። አንድ ዓመት የቶምቦላው ገቢ ለአንድ ሐኪም ጥናት ዋለ። ሐኪሙ የስኳር በሽታ ቀጫጭኖቹን የደጋ ገበሬ ልጆች ለምን እንደሚይዝ ማወቅ ይፈልጋል። ደም የሚወሰደው በባዶ ሆድ ነው ሲለን፣ እኔ የእስላም ነጋዴ ልጅ ቸኩዬ ብልሃት አመጣሁ፤ ረቡዕ ይሁን፣ ክርስቲያኑ እንደሆነ ይጾማል። ሁሉም አጨበጨቡልኝ። በገበያ ቀን ደም ወደሚወሰድበት አምባ ጊዮርጊስ ወጥቼ በድምፅ ማጉያ «እህል ውሃ ሳትቀምሱ ኑ» እያልኩ ለፈፍኩ። ሐኪሙ የምናገረውን በወረቀት ጽፎልኝ ነበር። የመጀመሪያውን መስመር አንብቤ ኪሴ ከተትኩት።

ረቡዕ ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዝ ነበር። ለጿሚው የምናበላው ሽሮና ምስር ለዘጠኝ ሰዓት ተጥዷል፤ እኔ በሰልፉና በድስቱ መካከል እመላለሳለሁ። አራት ሰዓት ግድም ይታይሽ የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከሰልፉ መሃል ወደቀች። ላብ አጥምቋታል፣ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። የስኳር መርፌዋን ወግታ፣ ምንም ሳትቀምስ ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ነበር።

«ስኳር አምጡ፣ ልጅቱ እንዳትሞትብን» አለ ሐኪሙ።

ሻይ ቤት ሮጬ ገባሁና ከአንድ ሾፌር እጅ ብርጭቆውን ነጥቄ ወጣሁ። ስድቡ እስከ ሰልፉ ድረስ ተከተለኝ። አባቷ አያ ሞላ ራሷን ደግፈው መሬት ተቀምጠዋል።

«አያ፣ ጾም መሆኑን አውቃለሁ፤ ይፍቀዱልኝና ትጠጣ» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ» አሉ ብርጭቆውን እየተቀበሉኝ። «የነፍስ አባቷ ጾሙን ከፈቱላት ዓመት አልፏል። መርፌዋን ወግታ፣ ሸጋ አድርጋ በልታ ነበር የምትውል። ጹሚ ያልካት አንተ ነህ።»

ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። ሁለተኛው መስመር «መርፌ የሚወጉ እንዳይጾሙ፤ ለብቻ ይቀጠራሉ» ይላል።

ይታይሽ ሻዩን ቀስ በቀስ ዋጠችው። ዓይኗ ሲጠራ መጀመሪያ የጠየቀችው «ደሜንሳ?» ብላ ነው። ስኳር ስለቀመሰች ዛሬ አይሆንም አላት ሐኪሙ። ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ መምጣቷ አንገብግቧት አለቀሰች። እኔም ከመጣንበት ማኪና ኋላ ሄጄ አለቀስኩ። አያ ሞላ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር። በሳምንቱ የክበቡ ልጆች ሻይ ሲቀዱልኝ መጠጣት አቃተኝ።

ዛሬም ወረፋው ላይ ተምሬን ይዤ እያንዳንዱን ሰው ጠየቅሁ። «መርፌ ወግተሃል? አንቺስ እናቴ?» አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ምን አገባዎት ይላል። የወጋ አልነበረም።

«አባባ፣ እኛ ነግረናቸዋል፤ ይቀመጡ» አለች ነርሷ።

እኔም ያኔ በድምፅ ማጉያ ነግሬያቸው ነበር። አልተቀመጥኩም፤ በበሩ ገና የሚገቡ ሰዎች ነበሩ።