የታንከሮቹ ቀመር

ባለፈው ቅዳሜ ኦቦ ድንቄሳ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ቡራዩ፣ ቤቴ ድረስ መጡ። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሚያስተምሯት የስሌት ፕሮግራም አስቸግሯታል። «አካም ጅርታ፣ ልጄ። ይቺን ለማስረዳት ካንቺ የተሻለ የለም ብዬ ነው» አሉኝ። ልጄ አሉኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ንዴቴ ሃያ ዓመት ሆኖት እንኳ አልበረደም።

ያኔ ሰበታ አንድ ዘይት ፋብሪካ በጊዜያዊነት ተቀጥሬ ስሠራ አለቃዬ እሳቸው ነበሩ። ክረምት ነው። ከታክሲ ወርጄ ጭቃውን እያቦካሁ እገባና የጫማዬን በእንጨት ፍቄ፣ በሻይ አንድ ትኩስ ቦምቦሊኖ በልቼ ሥራ እጀምራለሁ። ሥራዬ በጎናቸው በተጋደሙት ታንከሮች ውስጥ ስንት ሊትር ዘይት እንዳለ ማስላት ነው። ሠራተኛው ዘንግ ነክሮ ጥልቀቱን ይነግረኛል። የተጋደመ ታንከር ግን ሆዱ ሰፊ ነውና ሩብ ጥልቀት ሩብ ዘይት ማለት አይደለም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ ቀመር ጽፌ ስም አወጣሁለት። ከዚያ በኋላ ስሙንና የዘንጉን ልክ ስጽፍ ሊትሩ ወዲያው ይመጣል።

ቀመሩን በፋይል አላስቀመጥኩትም። ትእዛዝ በሚሰጥበት መስኮት ላይ እጽፈዋለሁ፤ ፕሮግራሙ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። መብራት በሄደ ቁጥር እንደ ዳዊት በቃሌ ስደግመው ጣቶቼ ለመዱት። ኦቦ ድንቄሳ ከኋላዬ ቆመው ስሙን ብቻ አጠኑ። ስሙ ከተጠራ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ የሚያውቀው መሰላቸው።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ሊመጡ ሆነ። ሥራዬን አይተው ቋሚ ያደርጉኛል ብዬ ጓጉቻለሁ። በዋዜማው ግን የቀመሬን ስምና ያወጣቸውን ሊትሮች ሪፖርት ላይ አገኘሁ፤ ከሥሩ «ያዘጋጀው» ተብሎ የኦቦ ድንቄሳ ስም ብቻ አለ። ብጠይቃቸው፣ «አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ይደርስሻል። ነገ ለእንግዶቹ ሻይ አቅርቢ» አሉኝ።

እሺ አልኩ። እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት ፕሮግራሙን ዘጋሁት፤ መልሼ ከፈትኩትና ሻይ ላመጣ ወጣሁ።

ትሪውን ይዤ ስመለስ ኦቦ ድንቄሳ በእንግዶቹ ፊት የቀመሩን ስም ይጽፋሉ፣ ኮምፒውተሩ አላውቀውም ይላል። ደግመው ጻፉ። አሁንም አላውቀውም። ላባቸው ኮሌታቸው ላይ ወረደ። እኔ ለእንግዶቹ ስኳር ስንት ላድርግ እያልኩ እዞራለሁ።

«ነይ እስቲ፣ አስተካክይው» አሉኝ ቀስ ብለው።

«የእርስዎ ሥራ አይደል እንዴ፣ ኦቦ? እኔ ምን አውቄ» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ ብጽፈው ኖሮ ምናልባት ቋሚ እሆን ነበር። ውርደታቸው ግን ጣፈጠኝ። በወሩ አሰናበቱኝ፤ እስከ ዛሬም አልጸጸተኝም።

ቅዳሜ ልጅቷን አጠገቤ አስቀምጬ ቀመር አወጣጡንና በፋይል አቀማመጡን አሳየኋት። ጎበዝ ናት፣ እሷ ምን አደረገችኝ። ኦቦ ድንቄሳ ሶፋው ላይ ሆነው ቆሎ ይቆረጥማሉ።

«አሁን ፋይሉ አናት ላይ ስምሽን ጻፊ» አልኳት።

«ስሜን ለምን?»

ቆሎው ሲቆም ሰማሁ።

«አያትሽ ይነግሩሻል» አልኳት።