«ታዲያ በአማርኛ ምን ልበለው?»

ወንድሜ ለእናታችን ሊነግራት የፈለገውን መጀመሪያ ለእኔ የነገረኝ በእንግሊዝኛ ነው፤ «ጌይ ነኝ»። እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የተወለደ ልጅ ነው፤ አማርኛው «እማዬ፣ ራበኝ» ከማለት ብዙም አያልፍም። እናታችን ደግሞ ነርሲንግ ሆም አረጋውያን ስትንከባከብ የለቃቀመቻት እንግሊዝኛ ለሥራዋ እንጂ እንዲህ ላለ ነገር አትበቃትም። እኔ ልንገርልህ ብለው እምቢ አለ። አንቺ ካልሽው ያንቺ ሐሳብ ይመስላታል፣ ከእኔ አፍ ትስማው አለኝ።

አሌክሳንድሪያ እሱ የሚያማክራት የምክር ባለሙያ ነበረች። ቢሮዋ አስተርጓሚ ቀጠረለት። መንገድ የሚመራኝን ጂፒኤስ መስታወቱ ላይ ለጥፌ እናቴን ይዤ ሄድኩ።

አስተርጓሚው ስድሳ ያለፋቸው፣ ከረባት ያሰሩ ሰው ነበሩ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን በመልክ ታውቃቸዋለች። ባለሙያዋ ይህ ያስቸግር እንደሆነ ስትጠይቅ፣ «ሥራ ሥራ ነው፤ ከዚህ ክፍል የሚወጣ ነገር የለም» አሉ።

ወንድሜ እጆቹን ጭኖቹ ሥር ደብቆ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ጌይ ነኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ አንቺን መዋሸት ደከመኝ አላት።

ሰውየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅዎ ግብረ ሰዶም እንደያዘው፣ ከሕፃንነቱም በዚህ ኃጢአት ውስጥ እንዳለ ነው የሚናገረው» አሏት።

«እንደሱ አላለም!» ብዬ ተነሣሁ። ባለሙያዋ ግራ ገብቷት ታየናለች። ወንድሜ ቃሉን አያውቀውም፤ የእናቴን ፊት ግን አየ።

«ታዲያ በአማርኛ ምን ልበለው? ሌላ ቃል የለውም እኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

«ኃጢአት የሚለውንስ ከየት አመጡት? ያዘው የሚለውንስ? እሱ ብሎታል?»

ከረባታቸውን አስተካከሉ። እናቴ አጠገብ በርከክ ብዬ፣ «እማዬ፣ ያለሽ እንዲህ ነው፤ ‹ሌላው ወንድ ሴት እንደሚወድ እኔ የምወደው ወንድ ነው። ድሮም እንዲህ ነኝ። ልዋሽሽ አልፈልግም።› ሌላ ምንም አላለም» አልኳት። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ እንደያዘች፣ «ቤቴ ውሰጂኝ» ብቻ አለች። ወንድሜ እዚያው ቀረ።

ወደ ቤት ስንመለስ የወንዙን ድልድይ ተሻገርን። ከዚያ፣ «ሴት መሆን ነው እንዴ የሚፈልገው?» አለችኝ።

«አይደለም፣ እማዬ። ወንድ ነው ተብላ ያደገች፣ እሷ ግን ሴት መሆኗን የምታውቅ ሰው አለች። ያ ማን ነኝ የማለት ነገር ነው። የወንድሜ ደግሞ ማንን እወዳለሁ የማለት ነው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ልጅሽ ወንድ ነው፤ መሆን የሚፈልገውም ወንድ ነው።»

ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ «ሰውየው ልጄን እፊቴ ሰደቡት አይደል?» አለች። አዎ አልኳት። መንገዱን ሙሉ አለቀሰች፤ ለልጇ ይሁን ለስድቡ እኔም አልጠየቅኳት።

በዚያው እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንዲት ሴትዮ እናቴን በክርኗ ያዝ አድርገው፣ «የልጅሽን ነገር ሰማን፤ ጠበል ውሰጂው፣ ይለቀዋል» አሏት። አጠገቧ ነበርኩ። ከዚያ ክፍል የወጣነው አራት ሰዎችና አንድ ከረባት ነን፤ ማን እንዳወራ ለማወቅ ጠንቋይ አያሻም። ሰኞ ጠዋት አስተርጓሚውን ወደ ላከው ድርጅት ኮል አድርጌ ያጣመሙትንም ያወሩትንም ተናገርኩ። ስልክ ያነሣችው ልጅ በጣም አዝናለሁ፣ ሪፖርት አደርጋለሁ አለችኝ። በኋላ መልሳ ደወለች። አነጋግረናቸዋል፣ ቋንቋው ቃሉ የለውም ብለዋል አለች። ይኼው ነው። እኔ ለእናቴ ስነግራት የተናገርኩት በምን ቋንቋ ነበር?

ወንድሜ ግሪንቤልት አፓርታማ ተከራይቶ ወጣ። እናቴ ተቀበለችው ብዬ አልዋሽም። እንዲለወጥ ስእለት ተስላለታለች፤ በዚህ ነገር እስከዛሬ እንጨቃጨቃለን። ግን በየሳምንቱ ምግብ ቋጥራ በሁለት አውቶቡስ ትሄድለታለች። ቤተ ክርስቲያኗንም ቀየረች። «እዚያ ስቆም እኒያ ሰውዬ የሚያስተረጉሙብኝ ይመስለኛል» አለችኝ።

ከስንት ዓመት በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ የእኛ ሰዎች ሱቅ ውስጥ፣ በርበሬ ስመርጥ አስተርጓሚው መጡ። ከረባታቸውን እንዳሰሩ ናቸው። ፈገግ ብለው ጨበጡኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወንድምሽ ተሻለው?» አሉኝ።

እጄን ነጠቅኳቸው። «ወንድሜ ታሞ አያውቅም። እርስዎ ግን ከክፍሉ የሚወጣ ነገር የለም ብለው የሰው ሚስጥር ቤተ ክርስቲያን ድረስ ተሸክመው ሄደዋል» አልኳቸው። እንዲያ ተናድጄም «አንተ» ማለት አቃተኝ። ባለሱቁ ቀና ብሎ አየን። ሰውየው፣ «ለበጎ ነው እኮ፣ እንድንጸልይለት ብዬ ነው» አሉ።

በርበሬውን እዚያው ጥዬ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን አስነሣሁ።