የከሰሱኝ ጎረቤቴ መሰከሩልኝ

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። እኔ ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልለመድኩም፤ የለመድኩት ብረት መበየድ ነው። ነገር ግን ጌታ ያደረገልኝን ዛሬ ካልተናገርኩ ልቤ አያርፍም፤ ትንሽ ታገሱኝ። ስሙ ይባረክ።

ግርማ እባላለሁ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ቀበሌ ቤቶች መሐል የብረት በርና መስኮት እሠራለሁ። በዚያ ያለፋችሁ የማሽኔን ድምፅ ሳትሰሙ አትቀሩም። ያደግኩት እግዚአብሔርን በሚፈራ ቤት ነው፤ እናቴ ልደታ ማርያምን ሳትሳለም አትውልም ነበር። እኔ ግን አባቴ በልጅነቴ ሲሞትብኝ ለራሴ አንድ ነገር ነገርኩት፤ ከሰውም ከሰማይም ምንም አልጠብቅም አልኩ። እግዚአብሔር የለም አላልኩም። አለ፣ ግን እኔን አያውቀኝም ነበር የምለው። እንደዚያ ሆኜ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ኖርኩ።

ታዲያ አንድ ቀን ሰንጋ ተራ ሕንጻ ላይ የደረጃ መደገፊያ ስበይድ የቆምኩበት መወጣጫ ከዳኝ። የነቃሁት ሆስፒታል ነው። ዶክተሩ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና፣ "የጭንህ አጥንት ተሰብሯል። በብረት መያያዝ አለበት" አለኝ።

"ብረቱን ከቤት ላስመጣ?" አልኩት። በዚያ ሁሉ ሕመም መሐል ቀልድ መጣልኝ። እሱ ግን አልሳቀም።

"ከዘገየ አጥንቱ ተጣሞ ይገጥማል፣ እግርህም ያጥራል። ቶሎ ወስኑ።"

ወጪውን ሲነግሩን ባለቤቴ ሰናይት የአልጋውን ብረት ይዛ ቀረች። "የብየዳ ማሽኑን ሽጪው" አልኳት።

"ማሽኑ ተሸጦ እግርህ ቢድን፣ ቆመህ ምን ልትሠራ ነው?" አለችኝ።

የክፍሉ ነርስ ሰምታን ኖሮ ቀረብ አለች። "ለምን ማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ አትጠይቁም? መክፈል ለማይችል ታካሚ ሆስፒታሉ ወጪ ይቀንሳል። ልመና እንዳይመስላችሁ፤ አሠራር ነው" አለችን። ወገኖቼ፣ ቢሮው እኔ ከተኛሁበት አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ነበር። ማንም ባይነግረን ኖሮ እንጀራችንን ሸጠን ነበር። ያቺን ልጅ በአልጋዬ አጠገብ ያቆመ ጌታ ይመስገን።

ሰናይት ወረደች። የቢሮው ሠራተኛ በደንብ ሰማቻትና፣ "አቅም እንደሌላችሁ ከወረዳችሁ ደብዳቤ አምጪልኝ" አለቻት። ወረዳ ስትሄድ ደግሞ ሦስት የጎረቤት ምስክር ተጠየቀች። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን መጣ፣ ባለ ሱቋም መጣች። ሦስተኛ ጠፋ፤ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። በዚያ ላይ ኃላፊው፣ "ባልሽ ባለሙያ ነው፣ ማሽን አለው። እንዴት ነው የማይችለው?" እያለ ይመረምራታል። ዶክተሩ ደግሞ ጠዋት፣ "ወረቀቱ ዛሬ ካለቀ ነገ ትገባለህ፤ ካላለቀ ተራህን ለሌላ እሰጣለሁ" ብሎኛል።

ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ ተኛሁ። ከልጅነቴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ጸለይኩ። ጸሎት ማሳመር አላውቅበትም። "ጌታ ሆይ፣ አንድ ሰው ብቻ ላክልኝ" አልኩ። ይኸው ነው።

ስልኩ ጠራ። ሰናይት ናት፤ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። "ማን እንደመጣልን ታውቃለህ? እትዬ ብርሃኔ!"

እትዬ ብርሃኔ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቴ ናቸው። በማሽኔ ድምፅ የተነሳ እዚያው ወረዳ የከሰሱኝ እሳቸው ናቸው። ከክሱ ወዲህ ሰላምታ አልነበረንም። ወሬውን ከልብስ ሰፊው ቤት ሰምተው ነጠላቸውን ጣል አድርገው ተነሱ። ኃላፊው ሲያያቸው፣ "እማማ፣ ዛሬም በግርማ ነው የመጡት?" አላቸው።

እሳቸውም፣ "አዎ ልጄ፣ በእሱ ነው። ይሄ ሰው ገንዘብ ቢኖረው ሌላ ቦታ ቤት ተከራይቶ ይሠራ ነበር፤ እኔም ቀን ጋደም እል ነበር። አንድ ማሽን ነው ያለው፣ እሱም ልጆቹን የሚያበላበት ነው። ድህነቱን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በግድግዳ ነው የምሰማው" አሉት። ኃላፊው ሳቀ፣ ፈረመ፣ ማኅተሙን መታ። ሃሌሉያ።

ማታውን እትዬ ብርሃኔ ሾርባ ይዘው ሆስፒታል መጡ። አፍሬ ፊቴን ወዴት እንደማዞር ጠፋኝ። "እትዬ፣ እርስዎ እኮ ከሰውኛል። እንዴት መሰከሩልኝ?" አልኳቸው።

"ስከስህም እጸልይልህ ነበር" አሉኝ። "ክሱ ለጆሮዬ ነው፣ ጸሎቱ ለነፍስህ።"

ቅዱሳን፣ ያ ቃል ልቤን ሰበረው። ይህን ሁሉ ዘመን አያውቀኝም ያልኩት አምላክ፣ ከግድግዳዬ ማዶ ስሜን የሚያነሳ ሰው አስቀምጦልኝ ነበር። እሳቸው ስለ ኢየሱስ ነገሩኝ፤ በአብ ፊት ስለ እኔ የሚቆም እሱ እንደሆነ ነገሩኝ። ማንም ሳይጎተጉተኝ፣ "እኔም እፈልገዋለሁ" አልኩ። እጄን ይዘው አብረን ጸለይን፤ አጠገቤ የተኙት አባትም "አሜን" አሉ።

በማግስቱ ቀዶ ጥገናው ተሠራልኝ። ሆስፒታሉ አብዛኛውን ወጪ ማረልኝ፣ የቀረውን ቀስ እያልን እንድንከፍል ፈቀደ። ከወራት በኋላ ዶክተሩ ክራንቹን ከእጄ ወስዶ፣ "በል ሂድ" አለኝ፤ ሄድኩ። ሲበርድ ያመኛል፣ አልዋሻችሁም። ግን እግሬ አላጠረም፣ ማሽኔ አልተሸጠም፣ ነፍሴም ቤቷን አግኝታለች። አሁን እትዬ ብርሃኔ የሚተኙበትን ሰዓት ጠይቄ ነው ብረት የምቆርጠው። እዚያ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ።

ወገኖቼ፣ ከመካከላችሁ ሆስፒታል ሰው ተኝቶበት፣ ወጪው አስጨንቆት፣ ለመጠየቅ ያፈረ ካለ ስሙኝ። አትፈሩ። ጌታ አይጥላችሁም፤ በማታስቡት ሰው በኩል ይመጣል። እኔን ያገኘ እናንተን አያጣም፤ ልባችሁን ስጡት። ፕሮግራሙ ሲያልቅ በሩ ጋ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ። ነገ ጠዋት እስከ ማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮው አብሬያችሁ እሄዳለሁ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ።