እግር የማይታይበት ሩጫ

ፍኖተ ሰላም የምሠራበት ጌም ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ የሚጫወተው ኳስ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፣ ጆይስቲኩን ይጨብጣሉ፣ የተሸነፈ ይነሳል፣ ተራ ጠባቂው ይገባል። የኔ ሥራ ተራ ማስከበር፣ ጠብ መገላገልና የተነቀለ ገመድ መሰካት ነው። ሰው ጭር ሲል ግን ማንም የማይፈልገውን አንድ ሲዲ አስገብቼ ለብቻዬ እሮጣለሁ።

ጌሙ የሩጫና የዝላይ ነው። ሯጩን ከውጭ ሆነህ አታየውም፤ በሱ ዓይን ነው የምታየው። ከጣራ ጣራ ትዘላለህ፣ ግድግዳውን በጎንህ እየረገጥህ ታልፋለህ፣ ገደል ፊትህ ድቅን ሲል ለማሰብ ጊዜ የለህም። ካመነታህ ወደቅህ። ስትወድቅ ቴሌቪዥኑ ድርግም ይልና ትንሽ ወደኋላ መልሶ ያቆምሃል፤ ምንም እንዳልነካህ ትነሳለህ። የሯጩ እጆች አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ። እግሩ ግን የለም። ወደ ታች ብታይ መሬቱን እንጂ ጫማ አታገኝም።

ልጆቹ «የአንካሳው ጌም» ብለው ስም አውጥተውለታል። ለምጄዋለሁ ብል ውሸት ነው፤ በሰማሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ቢሆንም ጌሙን አልተውሁትም። ግራ እግሬ ከቀኙ ያጥራል። ስራመድ ትከሻዬ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፤ ገበያ መሃል ከሩቅ የሚለየኝ ሰው በዚያ ነው የሚለየኝ። ቡሬ ስማር ሯጭ ነበርሁ። ለዞን ውድድር ተመርጬ፣ መለያ ተሰጥቶኝ፣ መለያውን ለብሼ የተኛሁ ልጅ ነበርሁ።

ከልምምድ ስመለስ መናኸሪያው አጠገብ ባጃጅ ገጨኝና ቅልጥሜ ተሰበረ። መንገደኞች ተሸክመው ሆስፒታል በር አደረሱኝ። በር ያልሁት በምክንያት ነው፤ ከዚያ አላለፍሁም። ወሬው ደርሶት ገበያውን ጥሎ የመጣው አባቴ «ወደ ቤት!» አለ፤ ተሸካሚዎቹም ዞሩ። ማን እምቢ ይለዋል? አባቴ ወጌሻ ነው።

እርሻም አለው፤ ግን ማንም በበቆሎው አያውቀውም። ከሽንዲ ሳይቀር ሰባራ በቃሬዛ ይመጣለታል። በሬ የረገጠው፣ ከዛፍ የወደቀ፣ አህያ የጣለው። አሠራሩ አንድ ነው። ሁለት ጎረምሶች በሽተኛውን ከብብቱ ይይዛሉ፤ እሱ እግሩን ጨብጦ፣ አጥንት ካጥንት እስኪገናኝ ድረስ ይስባል። ከዚያ በቀርከሃ ስንጥር ደግፎ ያስራል። እጁ አይራራም። እንዲያውም ሌላ ቦታ ተጣሞ የገጠመ እግር ይዞ የመጣ ሰው ካለ እንደገና ሰብሮ ነው የሚጠግነው። እንዲህ ሰብሮ የጠገነውን ሰው በዓመቱ ሞፈር ተሸክሞ ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

የዚህ ሰው ልጅ ነው እንግዲህ አንካሳ የሆነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው። እስሩ ተፈትቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ስቆም ተረከዜ መሬት አልነካም። አባቴ አየ፤ የቀርከሃ ስንጥሩን ለቃቀመ። ጎረቤቱ ሁሉ አየ፤ ሁሉም «እግዚአብሔር ያመጣው ነው» አለ። እግዚአብሔር ምን አደረገ? የሰበረኝ ባጃጅ፣ ያሰረኝ አባቴ።

ጥቂት ወራት ታገሥሁና አንድ ጠዋት በረት ሲጠርግ ሄጄ፦

«አባየ፣ የኔንም እንደገና ይስበሩትና ይጠግኑት፤ እችለዋለሁ» አልሁት።

«አርፈህ ተቀመጥ» አለኝና አካፋውን ይዞ ወጣ።

ይኸው ነው። የባዳ እግር ሰብሮ የሚያቃና ሰው ለልጁ ይህችን ነፈገ። ምክንያቱንም ያወቅሁ መሰለኝ። የኔን እግር እንደገና ከሰበረው፣ ወጌሻው በገዛ ልጁ ተሳሳተ ሊባል ነው። ስሙን ከእግሬ አስበለጠ ብዬ ደመደምሁ። በዚያው ዓመት ወደ ፍኖተ ሰላም መጣሁ። በኋላ ያየኝ ሐኪም «አሁን ረፍዷል» አለኝ፤ እኔም ንዴቴን ይዤ ጌም ቤት ገባሁ። ንዴት ደግሞ ጥሩ ጓደኛ ነው፤ ጠዋት ከሰው ቀድሞ ይቀሰቅስሃል።

አባቴ አንዳንድ የገበያ ቀን ወደዚህ ብቅ ይላል። በር ላይ ዱላውን ተደግፎ ይቆማል፤ ልጆቹ ብድግ ብለው «ይቀመጡ አባባ» ይሉታል፤ አይቀመጥም። እናቴ የላከችውን ያቀብለኝና ይሄዳል። ባለፈው ክረምት እንዲሁ የበቆሎ እሸት ይዞ መጣ። እኔ ያንን ጌም ይዤ ነበር። ከወትሮው በተለየ ቆም ብሎ አየ።

«ይኸ የሚሮጠውሳ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

ጠጋ ብሎ ቴሌቪዥኑን ከላይ እስከ ታች መረመረው። ሙያ መጥፎ ነው፤ ሌላ ሰው ሕንጻውን ያያል፣ እሱ እግር ይፈልጋል።

«እግሩሳ የት አለ?»

«እርስዎ ጋ ቀርቷል፣ አባየ።»

ከልጆቹ አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ዋጠው። ባገራችን ሰው ፊት አባትን እንዲህ መናገር ነውር ነው፤ ነውርነቱን እያወቅሁ ነው የተናገርሁት፣ ደስም ብሎኛል። አባቴ እሸቱን አግዳሚው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የሱ ዝምታ ግን እኔን ነቀዝ ሆኖ በላኝ።

በሚቀጥለው ገበያ ተመልሶ መጣ። ገና ከበሩ ሲደርስ መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ ጌም ቤት ውስጥ የሚቆይ የለም፤ ልጆቹ እየተራገሙ ወጡ። ሁለታችን ቀረን። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ዱላውን ጉልበቱ መሃል አቆመ።

«ከእናትህ ጋር ልንቆርብ ነው» አለ።

«እንኳን ደስ አላችሁ።»

«የነፍስ አባቴ፣ የበደልኸው ሰው ካለ ሳትታረቅ እንዳትቀርብ ብለውኛል።»

እንዲህ በቀላሉ አልለቀውም ብዬ የጆይስቲኩን ገመድ መጠቅለል ጀመርሁ።

«ሌላውን ስስብ» አለ ወለሉን እያየ፣ «አጥንቱን ነው የማየው። ይኸ እዚህ ሄዷል፣ ያ እዚያ ሄዷል ብየ። ያንተን ስስብ ፊትህን አየሁት። ዓይንህ ተገልብጦ፣ ከንፈርህ ነጭ ሆኖ። እጄ ተፈታ። ትንሽ ይቀር ነበር፤ አውቀዋለሁ። እንዳልገጠመ እያወቅሁ አሰርሁት።»

«ታዲያ ሆስፒታሉ በር ላይ ለምን መለሱኝ?»

«ይቆርጡታል ብየ ፈራሁ።»

«በኋላስ? ይስበሩት ብዬ ለምኜዎት አልነበር?»

«ባንተ ላይ ሁለተኛ?» አለና እጆቹን አየ። የሻከሩ፣ ትልልቅ እጆች ናቸው፤ የስንቱን ጎጃሜ አጥንት ያቃኑ። «አልቻልሁም። ሌላ ወጌሻ ጋ ልውሰድህ ብየም አስቤ ነበር። ሌላ ሰው ሲሰብርህ ቆሜ ማየቱንም አልቻልሁም።»

ከዚያ ተነሳ፤ በዚያ ዕድሜው ነጠላውን አጣፍቶ እኔ ፊት ጎንበስ አለ። «ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

አባት ጎንበስ ሲልብህ የሚባለው ይታወቃል። ትከሻውን ይዤ ቀና አደረግሁትና «ኧረ ይነሱ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አልሁት። አፌ ነው ያለው። ከሕፃንነቱ የተማረውን ነው ያለው። አባቴ ግን እውነት መስሎት ግንባሬን ሳመኝ፤ ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ጠረገና ወደ መናኸሪያው ሄደ።

መብራቱ ሲመጣ ልጆቹ ተመለሱ፣ ኳሱ ቀጠለ። እኔ ደጁ ላይ ተቀመጥሁ። ሊገባኝ ያልቻለው ነገር ንዴቴ የት እንደሄደ ነበር። ኩሩውን አባት፣ ስሙን ከልጁ ያስበለጠውን ሰው መጥላት ቀላል ነበር፤ ስንት ጊዜ በልቤ ረትቼዋለሁ። አሁን ያ ሰው አልነበረም ተባልሁ። የነበረው የልጁን ሥቃይ ማየት ያልቻለ አባት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በምን አፍ ትከሰዋለህ? ለማንስ ትነግረዋለህ? «አባቴ ስለወደደኝ አነከስሁ» ብትል ሰው ሁሉ «ታድለህ» ነው የሚልህ።

ቆረቡ። በዕለቱ እኔም ሄጄ ነበር፤ ቅጽሩ ውስጥ ከዘመድ ጋር ቆሜ አየኋቸው። አባቴ ነጭ ለብሶ፣ ፊቱ በርቶ፣ ቀጥ ባሉት ሁለት እግሮቹ ወደኔ መጣና ሰው ሁሉ እያየ አቀፈኝ። አክስቴ «አባት ማለት እንዲህ ነው እንጂ!» እያለች እልል አለች። እኔ በትከሻው ላይ አሻግሬ እያየሁ የማስበው ሌላ ነበር። ያን ቀን ፊቴን ሳያይ ጨክኖ ቢስበኝ ኖሮ ዕድሜ ልኬን እጠላው ይሆን ነበር፤ ግን እሮጥ ነበር።