አራት ዳቦና አንድ ባሕር

ትናንት ከሰዓት በኋላ ቀበና ወንዝ ዳር ጎረምሶች አገኘሁ። ኳሳቸው ማዶ ተሻግሮባቸው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ሊገቡ ነው። ሰፈራችን ላይ ፀሐይ ወጥታለች፤ ውሃውም ገና ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። "ቁሙ!" አልኳቸው። "እስቲ እንጦጦን እዩት!" እንጦጦ ጥቁር ብሏል። "ጋሼ፣ እዚህ እኮ አልዘነበም" አለኝ አንደኛው፣ ጆሮው ላይ የሰካውን ማዳመጫ እየነቀለ። ብዙም አልቆየም፤ ወንዙ ድንጋይ እያንከባለለ፣ ቅርንጫፉንና ፕላስቲኩን እያግተለተለ ሲወርድ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። እኔም ዱላዬን እየነቀነቅሁ፣ ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቀበና ተወልጄ ቀበና ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጋራው ከጠቆረ አትሻገር፤ ከጠራ እንደ ልብህ። በቃ፣ ሌላ ትምህርት አያስፈልግም። ይህ ዕውቀቴ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሳፈረኝ፤ እሱም እዚህ ሳይሆን ፈረንሳይ አገር፣ ሳን ማሎ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው።

ያኔ ወጣት ነኝ፣ የአንድ የባህል ቡድን ከበሮ መቺ። ጉራ አይሁንብኝና፣ እኔ ስመታ ቁጭ ብሎ የሚቀር እግር አልነበረም። ብረታኝ በሚባለው የፈረንሳይ ጠረፍ ለበጋ በዓል ተጋብዘን ሄደን ነበር። እነሱ በጋ ይበሉት እንጂ በእኛ ነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ። ትርኢታችንን ጨርሰን፣ በማግስቱ ወደ አገር ቤት ልንበር ስንል፣ ጋባዦቻችን በአውቶቡስ ጭነው ሳን ማሎን እንድናይ ወሰዱን።

የእኔ ሐሳብ ግን ከተማው ላይ አልነበረም። ከተወዛዋዦቻችን አንዷ ወይንሸት ትባላለች፤ የእንጦጦ ማርያም ቄስ ልጅ፣ ከመካከላችን ፈረንሳይኛ የምትችል እሷ ብቻ። ፆሙ ሲፈታ ሽማግሌ ሊላክባት እንደሆነ ሰምቻለሁ። ሰውየው ነጋዴ ነው፣ ቮልስ አለው። አባቷ እሺ ካሉ አለቀ። አገር ቤት ከገባን ደግሞ እኔን ማን ያስጠጋኛል? የልቤን የምነግራት ያን ቀን ነው፤ ያን ቀን ካልሆነ የለም። ከሰው ሁሉ ጋር እንደ ልቤ የምለፈልፈው ሰውዬ፣ እሷ ፊት ስቆም ምላሴ ይታሰራል።

ሳን ማሎ ዙሪያዋን በወፍራም የድንጋይ ግንብ የታጠረች ናት፤ ግንቡ ላይ ሰው እንደ መንገድ ይመላለስበታል። ድሮ በንጉሥ ፈቃድ የጠላት መርከብ የሚዘርፉ ሰዎች መናኸሪያ ነበረች አሉን። ዘረፋ በፈቃድ! በጦርነት ከፈረሰች በኋላ ድንጋዩን ለቅመው እንደገና እንደሠሯትም ነገሩን፤ እዚህ ላይ ባርኔጣዬን አነሳሁላቸው። ጣሪያው ላይ ትልልቅ ነጫጭ ወፎች ይጮኻሉ፤ መንገዱ የባሕር ሣርና የቀለጠ ቅቤ ይሸታል።

ችግራችንም ቅቤው ነበር። በዚያ አገር ቅቤ ያልገባበት ምግብ የለም፤ እኛ ደግሞ ፆመኞች ነን። ወይንሸት የግንቡ በር አጠገብ አንዲት አሮጊት ዳቦ ሻጭ ጋ ሄዳ ጠየቀች። አወሩ፣ አወሩ። አሮጊቷ እጃቸውን ወደ ባሕሩ ይዘረጋሉ፤ ወይንሸት ራሷን ትነቀንቃለች።

"ስለ ቅቤ ይሄን ያህል ምን ይወራል?" አልኳት ስትመለስ።

"ሴትዮዋ ጨዋታ ይወዳሉ" አለችኝ። ክንዷ ሙሉ ዳቦ ታቅፋለች፤ አራት ረጃጅም ዳቦ።

"ምነው፣ ሠርግ አለ እንዴ?"

"ባሕር ያስርባል ብለውኛል።"

ሌሎቹ ግንቡ ላይ ቀርተው እኔና እሷ ወደ ባሕሩ ስንወርድ ባሕሩን አጣሁት። ውሃው ሸሽቶ ወዲያ ሩቅ ተኝቷል፤ ከፊታችን እንደ አውድማ የተነጠፈ አሸዋ ነው። መሀል ላይ አሮጌ ምሽግ ያለባት ትንሽ ደሴት አለች፤ ወደ እሷ የሚወስድ የድንጋይ መንገድም አለ። እዚያ ማንም አይሰማንም።

"እንሻገር" አልኳት።

"ውሃው ቢመጣስ?"

ጣቴን ወደ ሰማይ ቀሰርኩ። "ከየት አባቱ ይመጣል? ደመና አለ? የጠቆረ ጋራ ታያለሽ? የቀበና ልጅ ነኝ እኮ፣ ውሃ እኔ ላይ አይቀልድም!"

"እንግዲህ አንተ ካልክ" ብላ ዳቦዋን አቅፋ ተከተለችኝ።

ደሴቲቱ ላይ ነፋስ እየነፈሰብን ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ስለ ከበሮ ቆዳ አወራሁ፤ ስለ ቡድን መሪያችን ኩርፊያ አወራሁ፤ ዋናውን ነገር ግን ወይ ፍንክች! ተስፋ ቆርጬ "እንመለስ" ብዬ ተነሳሁ። መንገዱ የለም። ውሃው ድምፅ እንኳ ሳያሰማ በግራም በቀኝም መጥቶ ውጦታል። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ፤ ጥርት ብሏል። የዚያን ቀን እንደደነገጥኩ ደንግጬ አላውቅም።

ጫማዬን አውልቄ ልገባ ስል እጅጌዬን ያዘችኝ። "ተው! ወደ ማታ ይሄዳል።"

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

"የመጣ ይሄዳላ።"

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጸሎቷን አድርሳ ዳቦውን ቆረሰች። ጨው ጨው የሚል፣ ቅርፊቱ ጥርስ የሚፈትን ዳቦ ነበር። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

"ከአዲስ አበባ ከተነሳን ጀምሮ የሆነ ነገር ልትል አፍህን ከፍተህ ትዘጋለህ። አሁን የምትሸሽበት መንገድ የለህም። በል።"

"ወይንሸት... ሽማግሌዎቹ ከእኔ ቤት ቢላኩስ?"

"ቮልስ አለህ?"

"የለኝም።"

"ዋና ትችላለህ?"

"አልችልም።"

"ታዲያ ምን አለህ?"

"ከበሮ" አልኳት፤ "እሱም የቡድኑ ነው።"

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። መልስ ግን አልሰጠችኝም፤ "መንገዱ ይከፈትና እነግርሃለሁ" አለች። ያን ውሃ አልሄድ ሲል ጠላሁት፤ መልሷን ሳስብ ደግሞ መሄዱን ፈራሁት! ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። በሚያዳልጠው መንገድ መሀል ላይ እጇን ሰጠችኝና "ሽማግሌዎችህ ይፍጠኑ" አለችኝ። የግንቡ በር ላይ ቡድን መሪያችን ኮበለሉ ብሎ ራሱን ይዞ ጠበቀን፤ የጮኸብንን ጩኸት አንድም አልሰማሁትም።

ይህን ታሪክ ለልጆቼም ለልጅ ልጆቼም ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ። ሁሌም የምደመድመው "ወንድ ልጅ ሲቆርጥ እንዲህ ነው" ብዬ ነው።

ትናንት ማታ ወይንሸት ምስር እየለቀመች የወንዙን ጀብዱዬን ነገርኳት። "ሰማይ ማንበብ ማለት ይሄ ነው!" አልኳት።

"ሳን ማሎስ?"

"እሱማ የባሕሩ ጥፋት ነው። ማን ያውቅ ነበር?"

"ዳቦ ሻጯ" አለች፣ ከምስሩ ቀና ሳትል።

"ምን?"

"ነግረውኝ ነበር። ከቀትር በኋላ ውሃው መንገዱን ይዘጋል፣ እስኪመሽ አይለቅም፣ አደራ እንዳትሻገሩ ብለው። አራት ዳቦ ለምን የገዛሁ መሰለህ?"

ልቆጣ ፈለግሁ፤ ሳቅ ቀደመኝ። ይሄን ሁሉ ዘመን እሷን ያሻገርኳት እኔ ነኝ ብዬ ስፎክር ኖሬአለሁ። ለካ የዚያን ቀን ደመናውስ ነበረ፤ አራት ዳቦ አቅፎ ከኋላዬ ይከተለኝ ነበር።